የተጠመደው ላፕቶፕ

አንድን ዕቃ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳይገዙ መቆየት እንደ ሙያ ቢቆጠር ኖሮ ደብረ ማርቆስ ላይ ከእኔ በላይ ባለሙያ አይገኝም ነበር። ዕቃው የጌም ላፕቶፕ ነው። ገንዘብ ቸግሮት ነው እንዳትሉኝ፤ ገንዘቡ ተቀምጧል። የቸገረኝ ቀን ነው። ለመግዛት ከዛሬ ይልቅ የሚመጣው ወር ሁልጊዜ ይሻላል።

የምፈልገው ለሥራ መሆኑን አስቀድሜ ልናገር። ሥራዬ የቤት ፕላን መንደፍ ነው። ደንበኞቼ ደግሞ የወረቀቱን መስመር ሳሳያቸው «ታዲያ ቤቱ የታለ?» የሚሉ ናቸው። ስለዚህ መሠረቱ ሳይቆፈር ቤቱ ተሠርቶ አልቆ፣ ፀሐይ አርፋበት፣ በሩ ላይ መኪና ቆሞ የሚታይበት ሥዕል በኮምፒውተር እሠራላቸዋለሁ። ደንበኛው መኪና የለውም፤ ግን ደስ ይለዋል። ኮምፒውተሩ ያንን ሁሉ ብርሃንና ጥላ አስልቶ ሥዕል ለማውጣት ጉልበተኛ ግራፊክስ ካርድ ይጠይቃል፤ ጉልበተኛ ግራፊክስ ካርድ የሚገኘው ደግሞ ለጌም ተብሎ በተሠራ ላፕቶፕ ላይ ነው። ጌሙ ከሥራው ጋር ተያይዞ የመጣ ነገር ነው እንጂ እኔ ፈልጌው አይደለም። ለሚስቴም የነገርኳት በዚሁ ቃል ነው፤ እናንተ አሁን እንዳያችሁኝ አድርጋ አየችኝ።

ታዲያ ለምን አልገዛሁም? የመጀመሪያው ዓመት ልገዛ ስል «አዲስ ግራፊክስ ሊወጣ ነው፤ አሁን የገዛ ይጸጸታል» የሚል ቪዲዮ ስልኬ ላይ አየሁ። መጸጸት ስለማልወድ ጠበቅሁ። አዲሱ ወጣ። በወጣ በሳምንቱ የአዲሱ አዲስ ሊመጣ ነው ተባለ። እንደገና ጠበቅሁ። ጌትነት የሚባል የኮምፒውተር መምህር ጓደኛ አለኝ፤ ባማከርኩት ቁጥር «ጠብቅ» ይለኛል። የእሱ ኮምፒውተር ቁልፎቹ ረግፈው በእርሳስ ጫፍ ነው የሚጽፈው። ምክሩን ስሰማ ይኼን ማየት ነበረብኝ፤ አላየሁም።

ነገሩ የእኔ ብቻ ሆኖ ቢቀር ምንም አልነበረም። ግን አባቴ ገቡበት።

የተወለድኩት ከሮብ ገበያ አንድ ሰዓት በእግር ከምታስኬድ ቀበሌ ነው። የአጥቢያችን ማርያም ቤተ ክርስቲያን አርጅታ ግድግዳዋ ተሰንጥቋል፤ ያለፈውን ክረምት ያሳለፈችው በእንጨት ድጋፍ ነው፤ ሌላ ክረምት አትችልም። ምእመኑ አዲስ ለመሥራት ቢስማማም ምን ዓይነት ትሁን በሚለው ግን ቃላቸው አልገጠመም። ኅዳር ላይ የሕንፃ ኮሚቴው ሰብሳቢ መምሬ አዱኛ ነገሩን ቆረጡት። «የምንሠራውን በዓይናችን እንየው። ሥዕሉ ለአስተርእዮ፣ ጥር ሃያ አንድ፣ ሕዝቡ በተሰበሰበበት ይቅረብ። ያኔ ካልቀረበ ዘንድሮ ቁፋሮ የለም» አሉ። ሥዕሉን ለመሥራት የእኔ ስም ተነሣ። ወዲያው አንድ ሽማግሌ «የከተማ ሰው ነው። ማን ዋስ አለው?» ብለው ጠየቁ።

አባቴ ብድግ ብለው «ዋሱ እኔ ነኝ» አሉ።

ይኼ ቀላል ነገር አይደለም። በእኛ አገር ገበያ በሬ የሚሸጥ ሰው ገዢው ካላወቀው ዋስ ጥራ ይባላል። በሬው የሌባ ሆኖ ቢገኝ፣ ተዋጊ ቢሆን፣ መሐል እርሻ ላይ የሚተኛ ቢሆን፣ ተጠያቂው ዋሱ ነው። አባቴ አያ ሙሉነህ በዕድሜያቸው ለስንት በሬ ዋስ እንደሆኑ ራሳቸውም አያውቁት፤ አንዱም ግን ተኝቶባቸው አያውቅም። በስተርጅና ለእኔ ዋስ ሆኑ። እኔ ተኛሁ።

በእርግጥ ንድፉን ወዲያው ጨርሼ ነበር። የቀረኝ ኮምፒውተሩ ቀለምና ብርሃን አልብሶ ሥዕል ማውጣቱ ብቻ ነው። ቀለም ያልለበሰውን ግራጫ ንድፍ መምሬ አዱኛ ለጉዳይ ከተማ በመጡ ጊዜ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው አዩና «ይኼማ ጎተራ ነው» አሉኝ። ስለዚህ በግራጫው ማምለጥ አይቻልም። አሮጌው ላፕቶፔ ደግሞ እንኳን ቤተ ክርስቲያን ጎተራም ማውጣት አቅቶታል። «ከጥምቀት በፊት አዲሱ ግራፊክስ ይገባል» የሚል ወሬ ስለነበረ ታኅሣሥን በሙሉ ጠበቅሁ። ጥምቀት አለፈ። ያልገባው ግራፊክሱ ብቻ ነው።

ጥር አሥራ ዘጠኝ አባቴ ሥዕሉን ሊወስዱ ከተፍ አሉ። ቢሮዬ ገብተው፣ በትራቸውን ጥግ አስይዘው፣ ተቀመጡ።

«አለቀ?»

«ኮምፒውተሩ እየሠራው ነው፣ አባባ።»

«መቼ ይጨርሳል?»

ስክሪኑን አየሁ። «ከአምስት ቀን በኋላ ይላል።»

«ማርያም ከነገ ወዲያ ናት።»

«እኔማ አውቃለሁ። ኮምፒውተሩ ነው የማያውቀው።»

አልሳቁም። ነገሩን ከመጀመሪያው አስረዳኋቸው፤ ጉልበተኛ ዕቃ እንደሚያስፈልግ፣ ገንዘቡ እንዳለ፣ ግን አዲሱ ሲወጣ የአሁኑ ዋጋው ስለሚወርድ እየጠበቅሁ እንደሆነ። አገጫቸውን በመዳፋቸው ይዘው ሰሙኝና ፊታቸው በራ።

«ገባኝ። ሁዳዴ እስኪገባ እየጠበቅህ ነው።»

«ምን አገናኘው?»

«ሁዳዴ ሲገባ ሥጋ የሚበላ የለም። በሬው ገበያ ላይ ቆሞ ይውላል፤ ዋጋው ይወርዳል። ብልህ ሰው ያኔ ይገዛል።»

«አባባ፣ ላፕቶፕ ከጾም ጋር አይገናኝም።»

«ዋጋ ያለው ነገር ሁሉ ይገናኛል» አሉኝና ትንሽ አሰቡ። «ለማንኛውም ነገ ጠዋት ገበያውን አሳየኝ።»

በነጋታው ደሳለኝ ሱቅ ገባን። ደሳለኝ ላፕቶፕ ነጋዴ ነው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ እየገባሁ እያየሁ ስለምወጣ «ዛሬስ ምን ልታይ መጣህ?» ነው ሰላምታው። የምፈልገውን ላፕቶፕ አወጣና ጠረጴዛ ላይ ከፈተው። እኔ «ዋው» ልል አፌን ስከፍት አባቴ በክርናቸው ጎሰሙኝ። ገበያ ላይ በሬ አይመሰገንም፤ ባለቤቱ ይሰማል።

ዞሩት። በግራ ሄደው አዩት፣ በቀኝ ሄደው አዩት። እጃቸውን ከሆዱ ሥር ከተቱና «ትኩሳት አለው» አሉ። ማራገቢያው መጮህ ሲጀምር ጆሯቸውን አስጠግተው «ያለከልካል» አሉ። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ተመለከቱ፤ «ጥርሱ ሙሉ ነው» ብለው ያችን ብቻ አጸደቁለት። ከቁልፎቹ ሥር ቀይና አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል።

«ይኼ ምን ያደርጋል?»

«ለውበት ነው፣ አባቴ» አለ ደሳለኝ።

«ውበት አያርስም። ዋስህ ማነው?»

ደሳለኝ ግራ ገብቶት አየኝ። «የአንድ ዓመት ዋስትና አለው፤ ወረቀት እሰጣችኋለሁ።»

«ወረቀት ሲጠሩት አይመጣም። ሰው አምጣ።»

ደሳለኝ ደግ ሰው ነው፤ ከጎኑ ካለው ሱቅ ልብስ ሰፊውን ጋሽ ተፈራን ጠርቶ አመጣ። ጋሽ ተፈራ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳደረጉ «እኔ ደሳለኝን እንጂ ዕቃውን አላውቀውም» አሉ። አባቴም «ዋስ የሚሆኑትስ ለሰው አይደል?» አሏቸው። ተጨባበጡ። እዚህ ላይ አለቀ ብዬ ቦርሳውን ላነሣ ስል አባቴ እጄን ያዙኝ።

«ጠምደን እንየው።»

እውነታቸውን ነው። እሳቸው ሳይጠምዱ በሬ ገዝተው አያውቁም። ወስደው፣ ከሌላ ጋር አቀናጅተው፣ ሁለት ሦስት ትልም አሳርሰው ነው ዋጋ የሚቆርጡት። እኔም የቤተ ክርስቲያኗን ንድፍ በፍላሽ ይዤ ስለነበር ሰካሁና አስጀመርኩት። የእኔ አምስት ቀን ያለውን ይኼኛው ሃምሳ ደቂቃ አለ። አባቴ የላስቲክ ወንበር ስበው ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። ሥዕሉ ከላይ ወደ ታች እየተሞላ ሲወርድ እሳቸው ትልም ነው የሚያዩት። «ቀጥ አድርጎ ያወጣል» አሉ ለራሳቸው፤ ሻጩ እንዳይሰማ።

አለቀ። እውነት ለመናገር እኔም እንዲህ ይሆናል ብዬ አልጠበቅሁም። ክቧ ቤተ ክርስቲያን በጥዶች መሐል ቆማለች፤ ጉልላቷ ላይ የጠዋት ፀሐይ አርፋለች። አባቴ ተነሥተው ነጠላቸውን አስተካክለው አማተቡ። ጋሽ ተፈራም አማተቡ። የጆሮ ማዳመጫ ሊገዛ የገባ አንድ ወጣትም ነገሩ ሳይገባው አማተበ።

እኔ ግን ያን ሰዓት ምን አሰብኩ መሰላችሁ? ሥዕሉን ወደ ፍላሼ ገለበጥኩና አባቴን ወደ በሩ ወሰድ አደረግኋቸው። «አባባ፣ ሥዕሉ እኮ እጃችን ገባ። ዕቃውን አሁን መግዛት የለብንም። አዲሱ እስኪመጣ ልንጠብቅ እንችላለን።»

አባቴ እንደማያውቁኝ አዩኝ። «በሰው በሬ አርሰን? አርሰን አበቃንና ልንሄድ?»

«ለሙከራ እኮ ነው።»

«ሙከራ ሦስት ትልም ነው። አንተ ማሳውን ጨርሰሃል።»

ድምፃቸውን ዝቅ ስላላደረጉ ደሳለኝ ሰማ። እሱ ደግሞ ይባስ ብሎ «ችግር የለም አባቴ። እንዲያውም እውነቱን ልንገራችሁ፣ አዲሱን አዝዣለሁ፤ አንድ ወር ብትታገሡ ይኼኛው ይረክሳል» አይልም? ሦስት ዓመት ስጠብቀው የኖርኩትን ቃል ከነጋዴው አፍ ሰማሁት፤ የሰማሁት ግን አባቴ በሰው በሬ ማሳውን አርሶ ባለበሬውን የሸሸ ሰው አድርገው እያዩኝ ነው። ገንዘቡን አወጣሁ። «ያበርክትልህ» አለ ደሳለኝ። «አሜን» አሉ አባቴ፤ ጋሽ ተፈራም «አሜን» አሉ።

ከዚያ ባነር ማተሚያ ቤት ሄድን። አባቴ «ደሳለኝን ሳላመሰግነው ወጣሁ» ብለው ቦርሳውን እንደያዙ ተመለሱ፤ ላፕቶፑን ለእኔ ትተውልኝ። ባነሩ እስኪታተም ሁለት ሰዓት መጠበቅ ነበረብኝ። በዚያ ሁለት ሰዓት ምን እንዳደረግኩ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ከሰዓት በኋላ ሮብ ገበያ ወረድንና በእግር ገሠገሥን። ፀሐይ ሳትጠልቅ መምሬ አዱኛ ቤታችን መጡ፤ ባነሩን መደቡ ላይ ዘረጋንላቸው። መስቀላቸውን ይዘው ረጅም ጊዜ አዩት። «ውብ ናት» አሉ። ቀጥለውም «ቤተልሔሟ የት ሄደች?» አሉ።

ቤተልሔም የቁርባኑ መሥዋዕት የሚሰናዳባት ትንሿ ቤት ናት፤ ቦታዋም ከቤተ ክርስቲያኗ በስተምሥራቅ ነው። በሥዕሉ ላይ ግን ቁጭ ያለችው በስተግራ፣ በምዕራብ በኩል ነው። እኔ ነኝ ያስቀመጥኳት፤ ቦታው ባዶ ሆኖ ስለታየኝ፣ ለሥዕሉ ሚዛን ብዬ። ልጅ ሆኜ ወደዚያች ቤት ስንት ማድጋ ውሃ አመላልሻለሁ! ሦስት ዓመት የብርሃንና የጥላ ማሽን ስጠብቅ ፀሐይ በየት እንደምትወጣ ረሳሁ።

«ሕዝቡ ይኼን ካየ» አሉ መምሬ አዱኛ በቀስታ፣ «ሥርዓቱን በማያውቅ ሰው ተነደፈ ብሎ ይበተናል። ክረምቱ ደግሞ አይጠብቀንም።»

እኔ ግን አልደነገጥኩም፤ ላፕቶፑ እጄ ላይ ነው። ከፈትኩት፣ ቤተልሔሟን አንሥቼ ምሥራቅ አስቀመጥኳት፣ ሥዕሉን አስጀመርኩ፤ ጠዋት በስክሪኑ አሳያለሁ ብዬ። ባትሪው አሥራ ስምንት በመቶ ይላል። ቻርጀሩን ፍለጋ ቦርሳው ውስጥ እጄን ከተትኩ። የለም። ገለበጥኩት። የለም። ሥዕሉ ከጉልላቱ ተነሥቶ ጣራው ጋ ሲደርስ ላፕቶፑ ጥቁር ሆነ።

«ምን ሆነ?» አሉ አባቴ።

«ተራበ። በገመዱ ነው የሚበላው፤ ገመዱ የለም።»

አባቴ እኔን ሳይሆን መምሬ አዱኛን እያዩ «ገመዱንማ ለባለቤቱ መለስኩለት» አሉ።

«ለምን?!»

«ገመድ ከበሬ ጋር አይሸጥም። የሻጩን ገመድ ይዘህ ከሄድህ በረከቱን ነው የወሰድህበት። ልጁ አልቀበልም ብሎኝ ነበር፤ በግድ ነው ያስያዝሁት።»

የሶላር መብራታችን ለስልክ እንጂ ለዚህ አይበቃም። ተናድጄ አፌን ልከፍት ስል ማተሚያ ቤት ያሳለፍኩት ሁለት ሰዓት ትዝ አለኝ። በላፕቶፑ ኳስ ስጫወት ነበር፤ ሁለት ሙሉ ጨዋታ፣ አንዱ እስከ ፍጹም ቅጣት ምት። ባትሪውን የበላሁት እኔ ነኝ። አፌን ዘጋሁ።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ባነሩን በሁለት ጥዶች መሐል ሰቀልነው፤ ፊቱን ወደ ምሥራቅ። ሕዝቡ ፊት ለፊቱ ተሰበሰበ። ማጉረምረም የተጀመረው ወዲያው ነው። አባቴ በትራቸውን ተመርኩዘው ወደ ፊት ወጡ።

«ልጄ ሥዕሉን አምጥቷል። ቤተልሔሟ ግን ያለ ቦታዋ ናት። ሊያስተካክል ሲል ገመዱን የመለስኩበት እኔ ነኝ። ዋስ ነኝ ብዬ ነበር፤ ይኸው ቆሜያለሁ።»

በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ለእኔ እንቅልፍ የእሳቸው ሽበት ቆመ። እግሬ ራሱ ተራመደና አጠገባቸው ደረስኩ። «ገመዱ ብቻ አይደለም። ቤተልሔሟን ያለ ቦታዋ ያስቀመጥኩ እኔ ነኝ፤ ባትሪውንም ኳስ ተጫውቼ የጨረስኩ እኔ ነኝ» አልኩ። አንዲት ባልቴት ለጎረቤታቸው «ያን የሚያህል ዕቃ ረገጠው?» ሲሉ ሰማሁ።

ነፋስ ነበር። የባነሩ አንዱ ጫፍ ስለተፈታ መምሬ አዱኛ ሊያስሩት ወደ ኋላው ዞረው ነበር። ሳይመለሱ ቀሩ። ከኋላ ድምፃቸው መጣ።

«ወደዚህ ኑ! በዚህ በኩል ኑ!»

ሕዝቡ እየተጋፋ ዞረ። ርካሹንና ስሱን ባነር ነበር ያሳተምኩት፤ የጠዋት ፀሐይ ከፊቱ መትታ በጀርባው ታልፋለች። ከጀርባ ሲያዩት ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ሆኗል። ቤተ ክርስቲያኗ ክብ ስለሆነች ምንም አልሆነችም። ቤተልሔሟ ግን ሥርዓቷን ጠብቃ በስተምሥራቅ ቁጭ ብላለች፤ እውነተኛው ብርሃን ከኋላዋ እያበራ። ጽሑፉ ተገልብጧል፤ ለዚያ ማንም አልተቸገረም፤ የቆሎ ተማሪዎቹ እንደሆነ አንድ መጽሐፍ ለአምስት ከብበው ከየአቅጣጫው ማንበብ የለመዱ ናቸው። እልልታው ቀለጠ። ያኔ ዋስ የጠየቁት ሽማግሌ አባቴን ትከሻቸውን መታ መታ አደረጓቸው። ቁፋሮው ለየካቲት ተቆረጠ።

ወር አልሞላም። ቻርጀሬን በዚያው ሰሞን ከደሳለኝ ተቀብዬ ነበር፤ «አባትህ እምቢ ስላሉኝ ሰቅዬ አስቀመጥኩልህ» ብሎኛል። አንድ ጠዋት በሱቁ በኩል ሳልፍ ጠራኝ። አዲሱ ግራፊክስ ገብቷል። የእኔው ላፕቶፕ ወንድም ከጎኑ ተቀምጧል፤ ዋጋው ወርዷል፤ በደንብ ወርዷል። ቆሜ አየሁት። ስልኬን አውጥቼ አባቴ ጋ ደወልኩ።

«አባባ፣ አዲሱ መጣ። የእኛኛው ዋጋው ወረደ።»

«ሁዳዴ ገባ አይደል?» አሉኝ ሳይገረሙ። «ነግሬህ ነበር።»

«ካወቁ ታዲያ ለምን አላስጠበቁኝም?»

በስልኩ ውስጥ የቁፋሮው ዶማ ድምፅ ይሰማል፤ ብዙ ዶማ ነው፤ አባቴም የሚጮሁት በዶማው መሐል ድምፃቸው እንዲሰማኝ ነው።

«ማርያምማ በጥር ናት» አሉና ዘጉት።